የልቃቂቱ ባለቤት

ጋቢ ሙቀቱን የሚያገኘው ከፈታይዋ ጣት ነው። ማጉ ሲፈተል ከከረረ ልብሱ እንደ ሸራ ይደርቃል፤ ለቀቅ ተደርጎ ከተፈተለ ግን በመሐሉ አየር ይይዛል፣ በታጠበ ቁጥርም እየለሰለሰ ይሄዳል። ድሩ ሌላ ጠባይ ይፈልጋል። በሸማኔው ጉድጓድ ፊት ተወጥሮ፣ በየውርወራው እየተመታና እየተፋተገ ስለሚውል መክረር አለበት። ስለዚህ ፈታይ ባዘቶውን ስታነሣ ለድር ይሁን ለማግ እንደምትፈትል አስቀድማ ታውቃለች፤ ጣቷም እንደዚያው ይጠብቃል ወይም ይላላል።

ጥጡ ባዘቶ እስኪሆን ብዙ ያያል። ፍሬው በድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ እየተዳመጠ ይወጣል፤ የተዳመጠው በደጋን እየተነደፈ ይፍታታል። እንዝርት የሚነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንዝርቱ በጭን ላይ ተሽከርክሮ ይለቀቃል፣ ሌላው እጅ ባዘቶውን ከፍ አድርጎ ይስባል፣ ክሩ ይረዝምና ይጠቀለላል፤ ደግሞ እንደገና። ልቃቂቱ የሚሞላው ወጥ እየተጠበቀ፣ ቡና እየተፈላ፣ ከጎረቤት ጋር እየተጫወቱ ነው። ሥራው ከሌላ ሥራ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚሠራ ሰዓቱን ማንም አይቆጥረውም፤ ሰዓቱ ስላልተቆጠረም ዋጋ አይወጣለትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

በቀድሞው ዘመን ፈታይ ሌላው ቢቀር ክብር ነበራት። ከገበሬ ጎጆ እስከ ወይዘሮ እልፍኝ፣ እንዝርት የያዘች ሴት ባለሙያ ተብላ ትመሰገን ነበር። ያንኑ ክር ተቀብሎ የሚሸምነው ወንድ ግን «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ልብሱን ሁሉም ይለብሰዋል፤ ክሩ ከሴቲቱ ጭን ወደ ሸማኔው ጉድጓድ ሲሻገር ክብሩን በየት በኩል እንደሚጥል የሚያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ሸማ ሠሪው ከብረት ሠሪው ጋር በአዋጁ ተነሥቷል።

ዛሬ ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን አጋድሏል። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡት የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በጥበባቸው ይታወቃሉ፤ ልብስ ቀያሹም ስሙን በአንገትጌው ላይ ያሰፍራል። ይገባቸዋል፤ ለሸማኔውማ የዘገየ ካሣ ነው። ፈታይዋ ግን ስም የላትም። ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ሆኗል፤ ጥብቅና እኩል ክር ማውጣት ለመኪና ስለሚቀል ቀድሞ መሄዱ አያስገርምም። ማጉ በብዙ ቦታ አሁንም የእጅ ፈትል ነው። ገዢው ግን ዓይኑ የሚያርፈው በጥለቱ ላይ ነው፤ ለእርሱ የሚሆነው ባለቀለም ክር ደግሞ የሚመጣው ከገበያ ነው።

የመንዝን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ዝተትን፣ ሳላነሣ ማለፍ አይሆንልኝም። እዚያ ብርዱ ጽኑ ነው፤ የሚፈተለውም የበግ ጠጉር ነው። ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ከበጉ እንደተሸለተ ተለይቶ ይፈተላል እንጂ ቀለም ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። እንግዲህ በዝተቱ ላይ የምናየው ጥቁርና ነጭ ገና ጠጉሩ ሲለይ፣ ክሩም ከመፈተሉ በፊት የተወሰነ ነው። ሸማኔው ዕቃውን ሲዘረጋ የሥራው እኩሌታ ተፈጽሞ ይደርሰዋል።

ጋቢ ልትገዙ ስትሄዱ ጥለቱን ለጊዜው ተዉትና መሐሉን ብርሃን ላይ ዘርጉት። ክሩ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ሲል ካያችሁ የሰው ጣት አልፎበታል። ነጋዴው ማጉን ከማን እንደገዛው ጠይቁት፤ ለፈትሉ ስንት እንደከፈለም ጠይቁት።