የሸማኔ እጅና የገበያ ስም

ሰው ልብስን የሚሻው በመጀመሪያ ዕርቃኑን ሊሸፍንና ብርዱን ሊከላከል ነበረ፤ ቀጥሎም ክብሩንና ማዕርጉን ሊገልጥበት ሆነ። በዛሬው ዘመን ግን ሦስተኛ ምክንያት ተጨምሯል፤ ይኸውም «እኔ የለበስሁት እውነተኛው ነው» ለማለት ነው። ፋብሪካ አንዱን ልብስ በሚልዮን አባዝቶ ለዓለም ሁሉ በሚያለብስበት ጊዜ፥ ገንዘብ ያለው ሰው ከሌላው የሚለይበትን ነገር ይፈልጋል፤ የሚፈልገውም እጅ የሠራውን፥ አገሩ የታወቀውን፥ ታሪክ ያለውን ነው። ፍለጋው መልካም ነው፤ ነገር ግን ፈላጊው የሚፈልገው ነገር በየት እንደሚገኝ ካላወቀ፥ ወርቁን ትቶ ሰሙን ይዞ ይመለሳል።

ነገሩ ሁልጊዜ የሚጀመረው በጥቂት ሰዎች መካከል ነው። በሕዝብ አፍ ዲዛይነር የሚባለው ንድፍ አውጪ፥ በትንሽ ቤት ከጥቂት ሠራተኞች ጋር ሆኖ ከዚያ በፊት ያልታየ ልብስ ያወጣል። ጥቂት ዐዋቂዎች ይገዙታል፤ እነርሱም ለብሰው ሲታዩ ሌላው ይጠይቃል፤ ስሙም እየወጣ ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ታላቅ ነጋዴ ይመጣና «ይህን አሥር ሺህ አድርግልኝ» ይለዋል። በዚያ ጊዜ ንድፍ አውጪው በመስቀለኛ መንገድ ላይ ይቆማል። ስሙ በአንድ ቀን ብዙ አገር ሊደርስ ይችላል፤ ንድፉም በአንድ ቀን ይቀዳል፤ የሠራተኛው እጅ ግን ከሁለት አይበልጥም።

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2004 ሁለት ነገሮች ሆኑ፤ ሁለቱም ሲነጻጸሩ የነገሩን ምሥጢር ይገልጣሉ። የመጀመሪያው ይህ ነው። በፓሪስ ለባለጸጎች ልብስ በማውጣት ስሙ የገነነው ካርል ላገርፌልድ፥ ኤች ኤንድ ኤም ከሚባለው ከስዊድን ኩባንያ ጋር ተስማምቶ በርካሽ የሚሸጥ ልብስ አወጣ። ሕዝቡም በመደብሩ ደጅ ተሰልፎ ቆይቶ ልብሱን በጥቂት ጊዜ ገዝቶ ጨረሰው። ገዢዎቹ ያገኙት የላገርፌልድን ስምና ንድፍ ነው፤ በፓሪስ ያሉ ሰፊዎች በመርፌ የሚደክሙበትን ሥራ ግን አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የሆነው ከእስኮትላንድ በስተ ምዕራብ በባሕር ውስጥ ባለችው በሃሪስ ነው። ናይኪ የሚባለው የአሜሪካ የጫማ ኩባንያ፥ በዚያ ለሚኖር ዶናልድ ጆን ማካይ ለሚባል ሸማኔ፥ ለጫማ የሚሆን ወደ 10,000 ሜትር የሚጠጋ የሱፍ ጨርቅ አዘዘው። ማካይ በቤቱ አጠገብ ባለች ትንሽ ክፍል፥ በእግሩ በሚረግጠው የሽመና ዕቃ የሚሠራ ሰው ነበረ። ትእዛዙ ከአንድ ሰው አቅም በላይ ስለ ሆነ ለደሴቶቹ ሸማኔዎች ተከፋፈለ። በላገርፌልድ ነገር ስሙ ወደ ፋብሪካ ሄደ፤ በማካይ ነገር ግን ታላቁ ኩባንያ ወደ ሸማኔው ደጅ መጣ።

ይህ እንዴት ሆነ ቢባል ምክንያቱ ሕግ ነው። ናይኪ ያን የሚመስል ጨርቅ በፋብሪካ ማሠራት ተስኖት አይደለም፤ ነገር ግን ያን የፋብሪካ ጨርቅ «ሃሪስ ትዊድ» ብሎ ሊጠራው አይችልም ነበረ። የዚህ ጨርቅ ታሪክ እንዲህ ነው። በ1840ዎቹ ዓመታት የደሴቲቱ ባለ ርስት ቤተ ሰብ የሆኑት የደንሞር እመቤት፥ ድኾች ሸማኔዎች ለራሳቸው የሚሠሩትን ጨርቅ ለመኳንንት ወዳጆቻቸው እያሳዩ አስወደዱት። በጥቂቶች ዘንድ የተወደደው ነገር ሲስፋፋ አስመሳዩ በዛ። ስለዚህ በ1909 ማኅበር ተቋቋመ፤ በላዩ መስቀል ያለበት ሉል ምልክት ሆኖ፥ ከ1911 ጀምሮ በጨርቁ ላይ ይታተም ጀመር።

በ1934 ሌላ ፈተና መጣ። እስከዚያ ድረስ ክሩም ጭምር በእጅ የተፈተለ እንዲሆን ግድ ነበረ፤ የእጅ ፈትል ግን ለገበያው አልደርስ አለ። ስለዚህ በደሴቶቹ ፋብሪካ የተፈተለ ክር እንዲገባ ተፈቀደ፤ ሽመናው ግን በሸማኔው ቤት በእጅ እንዲሆን ጸና። ከዚህ በኋላ ሥራው እያደገ ሄዶ በ1966 በዓመት 7.6 ሚልዮን ያርድ ጨርቅ እስከ መሥራት ደረሰ። በ1993 ደግሞ የብሪታንያ ፓርላማ ስለዚህ አንድ ጨርቅ ብቻ ሕግ አወጣ፤ ሱፉ በደሴቶቹ የተነከረና የተፈተለ፥ በደሴቶቹ ሰዎች እጅ በቤታቸው የተሸመነ፥ በዚያው ተስተካክሎ ያለቀ ካልሆነ በቀር ሃሪስ ትዊድ አይባልም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። እውነተኛነት ማለት ምንም አለመለወጥ አይደለም፤ ምን እንደ ተለወጠና ምን እንዳልተለወጠ በግልጥ ተናግሮ በዚያ መጽናት ነው። ፈትሉ ተለወጠ፥ መለወጡም ተነገረ፤ ሽመናው አልተለወጠም፥ አለመለወጡም በሕግ ተጠበቀ። ሆኖም ሕግ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። በ2006 አንድ ባለ ገንዘብ በዚያ ያለውን ታላቁን የሱፍ ፋብሪካ ገዝቶ፥ ብዙ ሺህ የነበረውን የጥለት ዐይነት ወደ ጥቂት ባወረደው ጊዜ ብዙ ሸማኔዎች ሥራ ፈቱ። ምልክቱም ሕጉም እንዳለ ነበረ፤ ሥራ ግን አልነበረም። ሥራው እንደ ገና የተነሣው በ2007 ሌሎች ሰዎች ተዘግቶ የነበረ ሌላ ፋብሪካ ከፍተው ልዩ ልዩውን ጥለት ማሠራት በጀመሩ ጊዜ ነው። እንግዲህ ስም የሚጠብቅ ሕግ ያስፈልጋል፤ ሕጉ የጠበቀውን የሚገዛ ሰው ደግሞ ከዚያ ይልቅ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ያለው የሸማ ነገር ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነው። ጥጡን ሴቶች ዳምጠው፥ በደጋን ነድፈው፥ ባዘቶ አድርገው በእንዝርት ይፈትሉታል። ሸማኔው ድሩን አድርቶ፥ በጕድጓዱ አፍ ተቀምጦ፥ እግሩን ወደ ታች አውርዶ መርገጫውን እየረገጠ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፥ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራል። ጥበብ ለማግባት ግን ይህ አይበቃም፤ ባለ ቀለሙን ክር ድሩን እየቈጠረ በጣቱ ያስገባዋል እንጂ። ከጋሞ ደጋ፥ ይልቁንም ከዶርዜ የወጡ ሸማኔዎች በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ሥር በሽሮ ሜዳ ሰፍረው ይህን ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ዛሬ በብዙው ሸማ ድሩ የፋብሪካ ክር፥ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ይህም በ1934 በሃሪስ ከሆነው ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ልዩነቱ በዚያ ተመክሮበት ተጽፎ ሲገባ፥ በዚህ በልማድ ብቻ መግባቱ ነው።

ሸማው በተወደደበት በዚህ አገር ሸማኔው የተናቀ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ፥ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፥ ሸማ የሚሠራውን ሸማኔ እያሉ መስደብን ከልክለዋል። ዐዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ልማድ ሆኖ ስለ ነበረ ነው። በማለዳ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው፥ ነጠላውን ከሠራው ሰው ጋር በአንድ ገበታ መቀመጥን ይጠየፍ ነበረ። ዛሬ ስድቡ ቀርቷል ቢባልም፥ ሸማውን «የባህል ልብስ» ብሎ እያመሰገኑ የሠሪውን ድካም በርካሽ መሻት፥ ያው ንቀት ልብሱን ለውጦ መምጣቱ ነው።

ይህን ሙያ ወደ ዓለም ገበያ ካወጡት መካከል ወይዘሮ ሊያ ከበደ ይገኛሉ። እርሳቸው በአዲስ አበባ ተወልደው፥ በኤውሮጳና በአሜሪካ የታላላቅ ንድፍ አውጪዎችን ልብስ ለብሶ በማሳየት ሥራ ስማቸው የታወቀ ናቸው። ወደ አገራቸው በመጡ ጊዜ ሸማኔዎች ገበያ አጥተው ሥራ እንደ ፈቱ አይተው፥ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2007 «ለምለም» የሚባለውን የልብስ ድርጅት አቋቋሙ። የአዲስ አበባ ሸማኔዎች የሠሩት ጥጥ፥ ለውጭ አገር ሰው በሚስማማ ስፌት ተሰፍቶ በውጭ አገር መደብር ተሸጠ። የድርጅቱም ሥራ ከጊዜ በኋላ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሰፋ። በ2021 ደግሞ ያው የስዊድን ኩባንያ ኤች ኤንድ ኤም ከለምለም ጋር ተባብሮ የበጋና የዋና ልብስ አወጣ፤ ለምለም የሚታወቅበት ንድፍም በፋብሪካ ልብስ ላይ ሆኖ በብዙ አገር ተሸጠ።

ይህን ሁሉ ማታለል ብሎ መንቀፍ አይገባም። ስም መስፋፋቱ ብዙ ሰው የኢትዮጵያ ሽመና የሚባል ነገር መኖሩን እንዲያውቅ ያደርጋል፤ ካወቁትም መካከል አንዳንዱ ወደ ሸማኔው ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን ከፋብሪካው ልብስ አንዱን ገዝቶ «የሽሮ ሜዳን ጥበብ ለበስሁ» የሚል ሰው ተሳስቷል። የለበሰው የጥበቡን ጥላ ነው። ጥላ ከአካሉ ጋር ሲሆን መልካም ነው፤ አካሉ ጠፍቶ ጥላው ብቻ ሲቀር ግን ምን ይባላል?

ከዚህ የሚከፋው ስም እንኳ የሌለው ቅጂ ነው። ጥለቱን በቀለም አትሞ ከውጭ አገር ፋብሪካ የሚመጣ ጨርቅ በገበያው መልቷል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንደ ተባለው በዓል ሲቀርብ ገዢ ይበዛል። አንዱ ገዢ ቀሚሱን አንሥቶ «ይህ እውነተኛው የአገር ባህል ልብስ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም «አዎን ጌታዬ» ብሎ ይመልሳል። ሻጩ በቃሉ አልዋሸ ይሆናል፤ ገዢው የጠየቀው ስለ መልኩ ነውና፥ መልኩም የአገር ነውና። ስለ እጁ የጠየቀው የለም። ያው ገዢ ሸማኔ የሠራውን ቀሚስ ዋጋ ሲሰማ «ከወዲያኛው ሱቅ በግማሽ አገኘዋለሁ» ብሎ ይሄዳል፤ በወዲያኛው ሱቅ ያለው ግን የታተመው ነው።

በዚህ መካከል የሚጐዳው ሸማኔው ነው። ብዙ ቀን ድር ሲቈጥር የሰነበተበትን ሥራ በአንድ ሰዓት ከታተመ ጨርቅ ጋር በዋጋ እንዲያስተካክል ይገደዳል። ልጁም የአባቱን ድካምና የአባቱን ኪስ አይቶ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ በዚህም አይፈረድበትም። ጥለት በወረቀት ላይ ተሥሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ የጣት ልማድ ግን በወረቀት አይቀመጥም። አንድ ትውልድ ሳይማረው ካለፈ፥ ከሽማግሌዎቹ ጋር አብሮ ይቀበራል።

ለገዢው የሚረዳው ዕውቀት ከባድ አይደለም። የተሸመነ ጥበብ ጀርባው ሲገለበጥ የክሩ መመላለስ ይታያል፤ የታተመው ግን ከፊቱ ደምቆ ከጀርባው የደበዘዘ ነው። ከዘርፉ አንዲት ክር ተመዝዛ በእሳት ብትነካ፥ ጥጥ ከሆነች እንደ ወረቀት ነድዳ ዐመድ ትሆናለች፤ ፖሊስተር የሚባለው ክር ከሆነች ግን ቀልጣ እንደ ዶቃ ትጠጥራለች። ይህን ማወቅ ለማንም ሰው በአንድ ቀን ይበቃዋል።

የቅኔ ቤት ሰው ደግሞ ይህን ነገር ከሌላው ይልቅ ሊያስተውለው ይገባል። ዋድላ፥ ጎንጅ፥ ዋሸራ እያለ የየቤቱን ጠባይ ለይቶ ያውቃልና። አንድ ተማሪ የቤቱን አካሄድ አስመስሎ የሰው ቅኔ ቢናገር የሚሰማው ሕዝብ ሊደነቅ ይችላል። መምህሩ ግን «ምሥጢሩን ከየት አመጣኸው? ሰሙን በምን አገባኸው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ቅኔው የራሱ የሆነ ተማሪ መንገዱን እየዘረዘረ ይመልሳል፤ የሰው የሆነበት ግን ዝም ይላል። ልብስም እንዲሁ ሊጠየቅ ይገባል፤ ማን ፈተለው? ማን ሸመነው? ለደከመበትስ ስንት ተከፈለው? ይህ ሲጠየቅ ዝም የሚል ልብስ፥ ውበቱ ምንም ያህል ቢሆን የተዋሰው ነው።

እንግዲህ ከሦስት ወገን ሦስት ነገር ይፈለጋል። ንድፍ አውጪው ስሙ ሲሰፋ የትኛው በእጅ፥ የትኛው በፋብሪካ እንደ ተሠራ ሳይሸሽግ ይናገር። ሸማኔዎችና መንግሥት ደግሞ ተመካክረው፥ ሃሪሶች እንዳደረጉት፥ የሸማውን ስም በምልክትና በሕግ ያጽኑት፤ ድሩ የፋብሪካ፥ ማጉ የእጅ ከሆነም እንደ ሆነው ይጻፍ። ገዢው ግን ሕጉ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገውም። እውነተኛ ልብስ የሚሻ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት የሸማኔውን ስም ይጠይቅ፤ ስሙን ከሰማ በኋላም ስለ ዋጋው ብዙ አይከራከር።