ቱምቢ፣ ውሃ ልክና የሰሜን ኮከብ

የአንዱ ዘዌ ሁለት ጎኖች ለሌላው ዘዌ ሁለት ጎኖች ቀጤ ነክ ከሆኑ፣ ዘዌዎቹ ወይ እኩል ናቸው፣ ወይ ድምራቸው 180 ዲግሪ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ወዲያው ፕሮትራክተር አወጡ። አንዱ 40 እና 41 አገኘ፤ ሌላዋ 40 እና 38። «ያው እኩል ናቸው፣ ቲቸር» አሉኝ። እኔ ደግሞ «ያው» የሚባል ነገር በጂኦሜትሪ አልወድም።

ማረጋገጫው አጭር ነው። በዘዌው መሃል አንድ ነጥብ ውሰዱና ወደ ሁለቱ ጎኖች ቀጤ ነክ መስመሮች አውርዱ። አራት ጎን ያለው ቅርጽ ይወጣል። የዘዌዎቹ ድምር 360 ነው፤ ሁለቱ 90፣ 90 ስለሆኑ ለቀሩት ሁለቱ 180 ይተርፋል። አሁን ካወረዳችኋቸው መስመሮች አንዱን ከነጥቡ ወደ ኋላ አስረዝሙ። ነጥቡ ላይ የሚፈጠረው አዲስ ዘዌ ከጎረቤቱ ጋር 180 ስለሚሞላ ከመጀመሪያው ዘዌ ጋር እኩል ነው። አለቀ፤ ፕሮትራክተር አላስፈለገም።

«ምን ያደርግልናል?» የምትል ተማሪ መቼም አትጠፋም። የእኛዋ አባቷ ግንበኛ ናቸው፤ ቱምቢና ውሃ ልክ ሁልጊዜ ቀጤ ነክ መሆናቸውን ከእኔ ቀድማ ታውቃለች። በፕሮትራክተሩ መሃል ክር አስረን ጫፉ ላይ ዳዶ አንጠለጠልን፤ ይህ ቱምቢያችን ሆነ። ቀጥ ያለው ጠርዝ ወደ ኮከብ ሲነጣጠር ክሩ ከ90 ምልክት ይርቃል። ጠርዙ ለ90ው መስመር፣ አድማሱም ለክሩ ቀጤ ነክ ስለሆኑ፣ ክሩ የራቀው ልክ ኮከቡ ከአድማስ ከፍ ያለውን ያህል ነው።

መብራት በጠፋ ምሽት ለካን (የመብራት መጥፋት ለዚህ እንኳ ይጥቀም)። የሰሜን ኮከብ 13፣ 15፣ 14 ዲግሪ ሆነ። የገዳሪፍ ኬክሮስ 14 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የቱምቢው መስመር ወደ ምድር መሃል ይወርዳል፣ አድማሳችንም ለእሱ ቀጤ ነክ ነው። ወደ ኮከቡ የሚያመለክተው መስመር ደግሞ ለምድር ወገብ ቀጤ ነክ ነው። ያው ቲዎረም ነው፤ አሁን ግን የተሠራው በምድር ላይ ነው።

ገዳሪፍ የተወለደ አንድ ልጅ «ጎንደር ላይ ስንት ይሆናል?» አለ። 12 ተኩል ያህል። መተማ 13። አንድ ዲግሪ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ጎንደር ከእኛ ወደ ደቡብ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የመንገዱ ጥምዝምዝ ሳይቆጠር። ልጁ ቁጥሩን ደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፈና «ከዚህ የሚርቅ ነበር የሚመስለኝ» አለ። የእኛ ዳዶና ክር ግን ገዳሪፍንና መተማን እንኳ አይለይም፤ አንድ ዲግሪ ለእጃችን ይበዛበታል።

ለእረፍት አዲስ አበባ የምትሄዱ ካላችሁ፣ 9 አካባቢ ማግኘት አለባችሁ። ክረምት ላይ ሰማዩ ስለሚደምን ጥቅምት ይሻላል።