ለዳገት የተሠራች ካሜራ

ካሜራን ከትከሻ አውርዶ ኪስ ውስጥ የከተተው ሰው ደረቱ ደካማ ነበር። ኦስካር ባርናክ ይባላል፤ ጀርመን አገር ቬትስላር ከተማ፣ በኧርንስት ላይትስ የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ። ከከተማ ወጣ ብሎ ፎቶ ማንሳት ይወዳል፤ አስሙ ግን እሺ አላለውም። የዚያ ዘመን ትልቅ ካሜራ ከነመስተዋት ሰሌዳው፣ ከነእንጨት ሳጥኑና ከነሦስት እግሩ ተሸካሚ ይፈልግ ነበራ! ባርናክ ለሲኒማ የሚውለውን 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ወሰደ፤ የአንዱን ምስል ስፋት እጥፍ አድርጎ 24 በ36 ሚሊ ሜትር አደረሰው፤ በመዳፍ የምትያዝ የብረት ሳጥንም ሠራለት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮ በሙከራ የቆየችው ሳጥን እ.ኤ.አ. በ1925 ላይካ ተብላ ገበያ ወጣች። ዛሬ ኪስ የምትገባ ካሜራ ሁሉ ዘሯ ቢቆጠር የዚያ ሰውዬ ደረት ላይ ይደርሳል።

ይህን ታሪክ ደሴ ሆኖ የሰማ ሰው ባርናክን ለማመን ምስክር አይጠራም። ከተማዋ ጦሳ ሥር ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች። ሜዳ የሚባለው ለፒያሳ ተቆንጥሮ የተሰጠ ነው፤ የቀረው ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል። ሠርግ የሚያነሳው ጓደኛዬ ትልቁን ካሜራ፣ ሁለት ሌንስና ፍላሽ አንግቶ ዳገቱን ሲያያዘው ቤት የሚለቅ እንጂ ፎቶ የሚያነሳ አይመስልም። የኔዋ ግን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከስልኬ ጎን ትተኛለች። ያክስቴ ልጅ ከጅዳ ስትመለስ ያመጣችልኝ ናት። ወሎ ውስጥ የብዙ ዕቃ ታሪክ እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ቴሌቪዥኑም፣ ብርድ ልብሱም፣ ቴርሞሱም የመጣው በአንዲት ልጅ ሻንጣ ነው።

መንገድ ላይ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ትንሽ ካሜራ ይሻላል ወይስ ትልቅ? ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ሌላ አገር ቢሆን ስለ ሌንስና ስለ ባትሪ አውርተን እንለያይ ነበር። ወሎ ላይ ግን ነገሩ ከሥሩ ካልተነሳ አይገባም፤ ይህ አገር ከካሜራ ጋር የቆየ ሂሳብ አለው።

ሂሳቡ የሚጀምረው ከቤተ መንግሥት ነው። ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉት የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ከቀረበባቸው ክስ ጋር አብሮ የዞረ ፎቶ ነበር። ልጅ ኢያሱ እንደ እስላም ጠምጥመው የሚታዩበት ነው። ፎቶው ተቀነባብሯል የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። አንድ ወረቀት ብቻውን መንግሥት ገለበጠ አልልም፤ መኳንንቱ ቀድሞውንም የቆረጡ ነበሩ። ግን አባትየው ጦራቸውን ይዘው ተነሡ፤ በወሩ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። እስላምና ክርስቲያን ባንድ ቤት ተጋብቶ በሚኖርበት አገር፣ የራስ ጥምጣም ያን ያህል ያስከፍላል ብሎ ማን ይገምታል? ካሜራ ግን ጥምጣሙን እንጂ ቤቱን አያሳይም።

ሁለተኛው ዙር የመጣው በአውሮፕላን ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ የውጭ ጋዜጠኞችም እንዲሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ባልፈነዳ ቦምብ ላይ እግራቸውን አሳርፈው የተነሱት ፎቶ ዓለምን የዞረው ከዚያ ነው። ላይካ ያኔ ገበያ ከዋለች ገና 10 ዓመቷ ነበር። አልፍሬድ አይዘንሽታት የተባለው ጀርመናዊም እ.ኤ.አ. በዚያው በ1935 ላይካውን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ የአንድ ወታደር ባዶ እግር ነው፤ ጭቃ የደረቀበት፣ የተሰነጣጠቀ እግር። ፊት የለውም። ትንሿ ካሜራ ጎንበስ ብሎ እግር ለማንሳት ትመቻለች፤ የባለ እግሩን ስም ለመጠየቅ ግን ካሜራው ሳይሆን ሰውየው መመቸት አለበት።

ሦስተኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1965 ዓ.ም. የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ መጥተው ረሃቡን አንስተው ተመለሱ፤ ምስሉን ግቢያቸው ውስጥ አሳዩ። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ የመሐመድ አሚንና የማይክል ቡርክ ዘገባ፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከቆረም ተነሥቶ በቢቢሲ ተላለፈ። እነዚህ ምስሎች እህል አምጥተዋል፤ ነፍስ አትርፈዋል፤ ማንም አይክድም። ግን የወሎን ሰው በዓለም ፊት አንድ መልክ ብቻ ሰጥተውት ሄዱ። ስለዚህ እዚህ ካሜራ ሲወጣ ሰው ቀድሞ የሚያስበው መልኬ አምሯል ወይ ብሎ አይደለም፤ ይሄ ነገር ወዴት ሊሄድ ነው ብሎ ነው።

ሰኞ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ እናት አሉ። የጓደኛዬን ትልቅ ካሜራ ተውሼ ፊታቸው ስቆም ጣሳቸውን አስቀመጡ።

«እንደምን ዋሉ እማማ?»

«አልሐምዱሊላህ። ለየትኛው ድርጅት ነው ልጄ?»

«ለድርጅት አይደለም፤ ለራሴ ነው።»

«ለራስህማ ምን ያደርግልሃል?» አሉና ሻሻቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው፣ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ገዢዎቹም ከጎናቸው ተሰለፉ። ገበያው ቆመ። ያነሳሁት ገበያ ሳይሆን ገበያ ያቋረጡ ሰዎችን ነው።

ሌላ ጊዜ ትንሿን ይዤ ሄድኩ። «ይቺ ደሞ ምንድናት?» አሉኝ። ካሜራ ናት ብላቸው፣ «ይቺ? ይቺማ የልጅ መጫወቻ ናት!» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ገዢዋ በርበሬው እንዲሰክንና ተጨማሪ እንዲይዝ ጣሳውን ነቅነቅ ልታደርግ እጇን ስትሰድ፣ እማማ ዓይናቸውን ከብሩ ላይ ሳያነሱ በመዳፋቸው ጣሳውን ከደኑት። እጅ በእጅ ላይ፣ መሐል ላይ በርበሬ። ትልቅ ካሜራ ፊት ጣሳ የሚነቀንቅ ሰው የለም። ትንሿ ካላት በረከት ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው፤ ስለምትናቅ ነገሩ እንደነበረ ይቀጥላል።

ለዚህ ሥራ ባለሙያዎች የሚመርጧት ዙም የሌላትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣችው የሪኮ ጂአር 3 ከነባትሪዋና ከነሚሞሪዋ 257 ግራም ትመዝናለች፤ በውስጧ ያለው ሴንሰር ግን የብዙ ትልልቅ ካሜራዎች መጠን ነው። ጃፓናዊው ዳይዶ ሞሪያማ ለብዙ ዓመታት የቶኪዮን ጎዳና የዞረው በዚህ ዘር ካሜራ ነው። ጥበቧ ፎከሱን አስቀድሞ በርቀት መቆለፍ መቻሏ ነው። የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ አድርገህ ርቀቱን 2.5 ሜትር ላይ ካሰርከው፣ ከአንድ ሜትር ትንሽ አለፍ ካለው ጀምሮ እስከ ጦሳ ጫፍ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ካሜራው ሲያስብ መጠበቅ የለም፤ ኪስ፣ እጅ፣ ጫን፣ ተመለስ።

የኔዋ እንደዚያ አይደለችም። ሌንሷ እየወጣ የሚገባ፣ ሴንሰሯ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው። ደሴ ላይ ከሰዓት በኋላ ጉም ከጦሳ ሲወርድ ብርሃን ያጥራታል፤ ምስሉ ነቁጥ በነቁጥ ይሆናል። በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳ ኮምቦልቻ ስትደርስ ደግሞ ችግሯ ይገለበጣል። እዚያ ፀሐይ ነው። ዓይንን አስጠግቶ የሚያዩበት ቀዳዳ ስለሌላት ስክሪኗ ላይ የሚታየው የራሴ ፊት ብቻ ይሆናል፤ ባጃጁን ልያዘው አልያዘው የማውቀው ጥላ ስገባ ነው። አቧራውም አለ። ወደ ደረቅ ወደቡና ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ያነሡትን አቧራ ሌንሷ በወጣ በገባ ቁጥር ትስባለች። አንዲት ቅንጣት ሴንሰሩ ላይ ካረፈች የኮምቦልቻ ሰማይ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ አንድ ግራጫ ነጥብ አለው። የትልቅ ካሜራ ሌንስ ይፈታል፤ ይጠረጋል። የዚችኛዋን ለስልክ ጠጋኝ ባሳየው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ መፍታቱን እፈታዋለሁ፤ መግጠሙን አላህ ያውቃል» ብሎ መለሰልኝ። ባትሪም ሌላ ጣጣ ነው፤ ያቺ የተመሰገነችው ሪኮ እንኳ በአንድ ቻርጅ 200 ያህል ፎቶ ነው የምታነሳው፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን ቆጥቦ ማንሳት የግድ ነው።

ታዲያ ስልክ እያለ ለምን? ይሉኛል። ደግ ጥያቄ ነው። ግርማ በርታ የአዲስ አበባን መንገደኞች በስልክ አንስቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት ወስዷል። ስልክ የባርናክ ሕጋዊ ወራሽ ነው፤ ኪስ ይገባል፤ ማንም አያስተውለውም። እንዲያውም ከስልክ ወዲህ የትንሿ ካሜራ ዋና ጥቅም ተመልሶ ጉዳት ሆኗል። አንድ ኬላ ላይ ኪሴን የፈተሸው ወጣት ስልኬን አልፎ እሷን አወጣት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ካሜራ።»

«ስልክህ ካሜራ የለውም እንዴ?»

«አለው።»

«ታዲያ ይሄ ለምንህ ነው?»

ልክ ነው። ትልቅ ካሜራ የያዘ ሰው ሠርግ ወይም ምረቃ አለበት፤ ስልክ የያዘ እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ትንሽ ካሜራ የያዘው ግን ምኑ ነው? ገበያ ውስጥ መጫወቻ የተባለችው ኬላ ላይ ስትደርስ ምስጢር ትሆናለች። ስላልታየች የተወደደችው፣ ስላልታየች ትጠረጠራለች።

ሕጉ እንኳ ከኬላው ይለዝባል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በአንቀጽ 28 ደግሞ በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር የተያያዘውን ፈቃድ ሳይጠየቅበት እንዲወጣ ይለቃል። እንግዲህ ገበያ አደባባይ ነው፤ በርበሬዋም በአደባባይ ተሰፍራለች፤ በሕግ አያስጠይቀኝ ይሆናል። ግን ወሎ ውስጥ ከሕጉ በፊት የሚቀርብ ሌላ አንቀጽ አለ፤ ሰላምታ። እንዴት ዋላችሁ፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ዝናቡስ፣ ልጅቷ ከአረብ አገር ደወለች ወይ። ይህ ሁሉ ሳይባል ዋጋ እንኳ አይጠየቅም። ትንሿ ካሜራ ያስቀረችው ክብደት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ሰላምታውንም ታስቀራለች። ኪስ፣ እጅ፣ ጫን፣ ተመለስ በሚለው ውስጥ እንዴት ዋላችሁ የሚባልበት ቦታ የለም።

ፒያሳ ላይ እየዞረ በክፍያ የሚያነሳ አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ አለ። በፊልም ዘመን የጀመረ፣ ነጌቲቭ አጥቦ ያደረሰ፣ ዛሬም ዲጂታሉን በሰፊ ማንገቻ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚውል። ሰው ስልኩን ትቶ በሱ ካሜራ ለመነሳት ይከፍለዋል። የኔዋን አሳየሁት። መዳፉ ላይ አድርጎ ክብደቷን መዘነ፤ አበራ፤ አጠፋ።

«ጥሩ ናት» አለኝ። «ግን እኔ በዚች ብሠራ ቤቴ ምን ይበላል? እኔኮ አላፊ አግዳሚውን ኑ ተነሱ ብዬ አልጮህም፤ ይሄ ነው የሚጮህልኝ» ብሎ ደረቱን ነካ።

ትልቁ ካሜራ ሰውየው አፉን ሳይከፍት ከሩቅ «መጣሁ፤ ላነሳችሁ ነው» ይላል፤ የማይፈልግ ይሸሻል፤ የሚፈልግ ሻሹን ያስተካክላል። ትንሿ ያንን ሥራ ለባለቤቷ ትታለታለች። እኔም አሁን በርበሬ ሻጯ ዘንድ ስደርስ ቀድሜ ጤናቸውን እጠይቃለሁ፤ መጫወቻዋን አሳያቸዋለሁ፤ ከዚያ ሥራቸው ውስጥ እስኪመለሱ ጎናቸው እቀመጣለሁ። ያነሳሁትን ስክሪኑ ላይ ሳሳያቸው፣ ጣሳው ላይ የነበረችውን የገዢዋን እጅ አይተው፣ «አየሃት ይቺን!» ብለው ሳቁ፤ ለምስክርነት ታትሞ እንዲመጣላቸውም አዘዙኝ።

ስለዚህ ለጠያቂዎቼ ምክሬ አጭር ነው። ዳገት የሚከብደው ትንሿን ይግዛ፤ ባርናክም የሠራት ለሱ ነው። ሰላምታ የሚከብደው ግን ትልቁን ይሸከም፤ ቢያንስ ካሜራው ይናገርለታል።