በቀጠሮ የሚጠጣ

ትልቅ በሽታ የያዘው ሰው በትንሽ ነገር ማማረር ነውር ይሆንበታል። አንጀቴ ተቆርጦ ሲቀጠል «ጎበዝ ነሽ» ያለችኝ ታላቅ እህቴ፣ የሲቲ ስካኑን መድኃኒት አልጠጣም ብዬ ሳለቅስ «ቢላውን ችለሽ ይኼ ያቅትሽ?» አለችኝ። አቃተኝ፤ ምን ላድርግ።

ከፋርማሲ ገዝተሽ ነይ የተባልኩትን አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ነርሷ በሃይላንድ ውሃ ትበጠብጠውና በየ15 ደቂቃው አንድ አንድ ብርጭቆ እያልሽ ጨርሺ ትላለች። ሲያዩት ንጹሕ ነው። አፍ ሲገባ ግን መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ወዲያው ይመራል፣ መጨረሻ ላይ የብረት ቃና ምላስ ላይ ትቶ ይሄዳል። በባዶ ሆድ ነው እንግዲህ።

«ቀዝቀዝ አድርገሽ ጠጪው፣ ጣዕሙ አይታወቅሽም» ያላለኝ ሰው የለም። ለሌላው ይሠራ ይሆናል። እኔ የምወስደው ኬሞ ውስጥ ግን ኦክሳሊፕላቲን የሚባለው ነበረበት፤ እሱን የወሰደ ሰው ለቀናት ከቀዝቃዛ ነገር ይሸሻል። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ጠርሙስ ስነካ ጣቶቼ ይነዝሩኛል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ስጎነጭ ጉሮሮዬ የተዘጋ ይመስለኛል። ስለዚህ ያንን ፈሳሽ ለብ እንዳለ ነው የምጠጣው፤ ለብ ሲል ደግሞ ጣዕሙ አንድም ሳይቀር ይወጣል። የብርቱካን ልጣጭ አፍንጫዬ ሥር ይዤ፣ በስትሮ ወደ ጉንጬ ጥግ እየሳብኩ ምላሴን ለማታለል እሞክራለሁ። ግማሽ በግማሽ ይታለላል።

ከዚህ ሁሉ ብልሃት በላይ የረዳኝ የአንድ ወጣት የራዲዮሎጂ ባለሙያ ንግግር ነው። «አንጀት ከአጠገቡ ካለው ሥጋ ጋር ይመሳሰልብናል» አለኝ። «አዮዲን ራጁን ስለሚያግድ ፈሳሹ የደረሰበት ሁሉ ነጭ ሆኖ ይታያል። ካልጠጣሽ የተጣጠፈውን ባዶ አንጀት እጢ ነው ብለን ልንሳሳት እንችላለን።» ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከእሱ በፊት የነበሩት ግን «ጨርሺው» ብቻ ብለውኝ ያልፉ ነበር። ሰው የሚጠጣውን ነገር ምክንያት ቢነግሩት ምን ይጎዳቸዋል?

አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ጋቢ የለበሱ አዛውንት አጠገቤ ተቀመጡ። እሳቸውም ያንኑ ፈሳሽ ይዘዋል።

«ጾሙን አልፈራሁትም» አሉኝ፣ «ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት የምጾም ሰው ነኝ። ይኼ መጠጡ ነው የገደለኝ።»

«እኔንም አባባ።»

«በልጅነታችን ጥሬ ሥጋ እየበላን ኮሶ ጠጥተናል። ኮሶ እኮ ዓይንን ጨፍኖ አንዴ ግጥም ነው። ይኼ ግን በቀጠሮ የሚጠጣ ኮሶ ነው!»

15 ደቂቃው ሲሞላ «ለጤናችን!» ብለው ብርጭቋቸውን አነሱ፤ አጋጨን። ፊታችንን እያጨማደድን፣ እየተሳደብን ጠጣን። «አይዞሽ» ከሚለኝ ሰው ሁሉ አብሮኝ የሚያማርር ሰው እንደሚሻለኝ ያን ቀን አወቅሁ። እህቴም ዝም ብላ ታየን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ንግግሯን አልደገመችውም።

ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ኬሞ ያደነደነውን ደም ሥሬን ፍለጋ እጄ ላይም ክንዴ ላይም ወጉኝ፤ ይህን አላራዝመውም። ስወጣ አባባን ጠጋ ብዬ «በደም ሥርዎ መድኃኒት ሲገባ ከጉሮሮዎ ጀምሮ ሰውነትዎ ይግላል» አልኳቸው። «ወደ ታች ሲወርድ ሽንት ያመለጥዎ ይመስልዎታል፤ አያመልጥዎትም፣ እንዳይደነግጡ። ማሽኑ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ ትንፋሽ ስበው ይያዙ፣ ሲደግም ይልቀቁ።»

«ማሽን ደግሞ ይናገራል?» አሉና ገቡ።

ሲወጡ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ ባትነግሪኝ ኖሮ አቁሙልኝ ብዬ እጮህ ነበር» አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደግሞ «ለማንኛውም ሱሪዬን ዳብሼ ነው የወጣሁት።»

እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ፊቷን አዞረች። ነርሷ ካኑላውን ልትነቅልልን መጣችና አሁን መብላት እንደምንችል ነገረችን። «መድኃኒቱ ከሰውነታችሁ እንዲወጣ ግን ዛሬ ውሃ በብዛት ጠጡ» አለች።

«ውሃ?» አሉ አባባ።