ከሞተሩ በፊት ወረቀቱ፦ ካርቱም ላይ ያገለገለ መኪና ለምትገዙ

ካርቱም ውስጥ ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው ላለ ሰው መካሪ አይጠፋም። አንዱ «ከትልቅ መሸጫ ግዛ፤ ውድ ቢሆንም መርምረው፣ ሰርተፍኬት ሰጥተው፣ ዋስትና ጽፈው ነው የሚሸጡልህ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ለማኅተም ብለህ ገንዘብህን አትበትን፤ መካኒክህን ይዘህ ኪሪን ውረድ» ይላል። ይህን ምክር ያኔ ከሰማችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ ዛሬ ገዳሪፍ፣ መተማ፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ናችሁ። አሁን ግን ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ ካርቱም እየተመለሰ ነው፤ ጥያቄውም አብሮት ተመልሷል። እስቲ እኔም ያየሁትን ልጻፍ።

ኪሪን ለማታውቁት፣ ሰው ያገለገለ መኪናውን አምጥቶ የሚያቆምበት፣ ደላላ የሚርመሰመስበት የመኪና ገበያ ነው። እዚያ የሚጠራው ዋጋ ከመኪናው ይልቅ ዶላሩን ነው የሚከተለው። የሱዳን ፓውንድ ለዓመታት ሲሟሟ ኖሮ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 መንግሥት የባንኩን ምንዛሪ በአንድ ጊዜ ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ሲያወጣው፣ መንገድ ላይ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር አመነ እንጂ አዲስ ነገር አልነገረንም። ፓውንድ በትራስ ሥር ማስቀመጥ እንደማያዋጣ ቀድሞ ገብቶናል። መሬት መግዛት ለውጭ ዜጋ ቀላል አይደለም፤ ዶላር በባንክ ማስቀመጥም እንደዚያው። ስለዚህ ለብዙዎቻችን መኪና ባንክም ነበር። ባንክህን ስትመርጥ ደግሞ ከሞተሩ ድምፅ ሌላ የምትጠይቀው ነገር አለ።

እኔ ከጎንደር በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ በመተማ በኩል እያስገባሁ ዴምና ጅሬፍ ላሉት ምግብ ቤቶቻችን ሳከፋፍል ብዙ ዓመት በአምጃድ ኮንትራት ነበር የምሠራው። በ2013 ዓ.ም. ወንድሜ መንጃ ፈቃድ አወጣና ቁጭ ብለን ሒሳብ ሠራን። በሁለት ዓመት ለኪራይ የምናወጣው አንድ አሮጌ ቦክሲ ይገዛል። (ሱዳኖች ሃይሉክስ ፒክአፑን ነው ቦክሲ የሚሉት።) ገንዘቡ የእኔ ብቻ አልነበረም። ከፊሉ የዕቁብ ነው፤ ከፊሉ እናቴ ሁለት በሬ ሸጣ የላከችው።

መጀመሪያ የሄድነው ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ ትልቅ መሸጫ ነው። ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ኤሲው ይነፍሳል፣ ሻይ ቀረበልን። የታየችን ቦክሲ ንጹሕ ናት። ዋጋዋ ኪሪን ላይ ካለችው እኩያዋ በሲሶ ይበልጣል፤ ልዩነቱ የሰርተፍኬቱ ነው ተባልን። ዓረብኛ እናገራለሁ እንጂ ንባብ ላይ ብዙም ስለሆንኩ ሁለቱን ገጽ ፎቶ አንስቼ ለመካኒካችን ላክሁለት። ያነበበልን እንዲህ ይላል፦ ሞተርና ማርሽ ለስድስት ወር ዋስትና አላቸው። ኤሲ፣ ባሌስትራ፣ ኤሌክትሪክ የሉበትም። ሰርቪስ የሚደረገው ካርቱም ባለው የእነሱ ወርሻ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ዘይት ከተቀየረ ዋስትናው ይፈርሳል። የእኛ መኪና እንግዲህ ገዳሪፍ መንገድ ላይ ነው የምትውለው፤ ከካርቱም 400 ኪሎ ሜትር ግድም።

ይሁን፣ ይህንንም እንኳ ዋጋ በማስቀነስ ይታለፋል አልን። «መኪናዋ በማን ስም ናት?» ብዬ ስጠይቅ ነው ነገሩ የተለወጠው። ሻጩ ፈገግ ብሎ «ተውኪል አለን፣ ችግር የለም» አለ። ባለቤቱ ባሕረ ሰላጤው አገር የሚሠራ ሱዳናዊ ነው፤ ለወንድሙ ውክልና ሰጠ፣ ወንድሙ ለመሸጫው ሰጠ፣ መሸጫው ደግሞ ለእኔ ሊሰጥ ነው። ያ ሁሉ ማኅተም የመሰከረው ለብረቱ ነበር። ስለ ጌታው አንድም መስመር አልተጻፈም።

ሰርተፍኬት ሁሉ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ጃፓን በጨረታ የሚሸጥ መኪና መርማሪው ነጥብ የሰጠበት ወረቀት ይዞ ነው የሚወጣው፤ ተጋጭቶ የተጠገነ ከሆነ አር የሚል ምልክት ይደረግበታል፣ ገዢውም ዋጋውን በዚያ ይተምናል። ዱባይም ወኪሎቹ ያገለገለውን መርምረው በዋስትና ይሸጣሉ። እዚያ ወረቀቱ ክብደት ያለው የፈረመው ሰው ቢዋሽ የሚጠየቅበት ቦታ ስላለ ነው። ካርቱም ላይ ግን ከ1997 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በቆየው የአሜሪካ ማዕቀብ ባንኩም ንግዱም ከዓለም ተቆራርጦ ነው የኖረው፤ የመሸጫው ማኅተም የመሸጫው ብቻ ነው። ኢቃማው በየዓመቱ የሚታደስ ሐበሻ ደግሞ ለማርሽ ብሎ ፍርድ ቤት ሲመላለስ አላየሁም።

ኪሪን ወረድን። እዚያም ችግሩ ያው ተውኪል ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ማንም አይደብቀውም። ሱዳን ያገለገለ መኪና ማስገባትን ለረጅም ጊዜ ገድባ ስለነበር በውጭ የሚኖሩ ዜጎች በልዩ ፈቃድ የሚያስገቧቸው መኪኖች ገበያውን ይሞሉት ነበር። መኪናው በእነሱ ስም ይቀራል፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው ውክልናው ነው። ውክልና ደግሞ ወካዩ ሲሻው ይሽረዋል፤ ከሞተም አብሮት ይሞታል። ከዚያ በኋላ ወራሾች መጥተው «የአባታችንን መኪና» ቢሏችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

አንዱ ደላላ ወደ ጥግ ወሰደንና በግማሽ ዋጋ ሌላ ነገር አቀረበልን፤ «ቦኮ ሐራም»። ስሙ አያስደንግጣችሁ፣ ከሊቢያና ከቻድ በኩል ያለ ቀረጥ ዳርፉር የገቡትን መኪኖች ሱዳኖች እንደዚህ ነው የሚጠሯቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዳርፉር ላይ የጦር መሣሪያ ሲሰበሰብ እነዚህም መኪኖች አብረው እንዲሰበሰቡ ተብሎ ነበር። ደላላው «ያ ኡኽቲ፣ መንግሥት አንድ ቀን ሁሉንም ሰሌዳ ይሰጣቸዋል» አለኝ። ይሰጥ ይሆናል። በእናቴ በሬዎች ግን ያንን ቀን አልጠብቅም።

ከዚያ በኋላ ለደላሎቹ አንድ ቃል ብቻ ነው የምንነግራቸው የነበረው፦ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ሙሩር ቢሮ ከእኔ ጋር የማይቆም ከሆነ መኪናውን አታሳዩን። ሁለቱ ሳቁብን። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ጋ ወሰደን፤ ሁሉም ኡስታዝ ነው የሚሏቸው። ቦክሲያቸው የጎን በሯ ተጠፍጥፏል፣ ቀለሟ በፀሐይ ነጥቷል፣ ሰርተፍኬት የሚባል ነገር አታውቅም። እሳቸው ግን መታወቂያቸውንና ሩክሳዋን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ከሙሩር «ሸሃደት በሕስ» አወጣን። መዝገቡ ተፈትሾ መኪናው የማን እንደሆነና ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት የሚገልጽ ወረቀት ነው። ሻንሲውን ከወረቀቱ ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያየን። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው መካኒኩ ኮፈኑን የከፈተው።

እሱም የፈለገው ነገር ነበረው። ባለፈው ክረምት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መሆኑ ነው፣ ዓባይ ካርቱም ላይ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ሞልቶ አገሩ የሦስት ወር አስቸኳይ ጊዜ አውጆ ነበር። ጎርፍ የጠጣ መኪና በየገበያው ታጥቦና ተወልውሎ ቆሟል። መካኒካችን የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትቶ ጭቃ የሠራው መስመር መኖሩን አየ፤ ምንጣፉን አንሥቶ ብሎኖቹን ነካካ፤ ራዲያተሩን አሸተተ። 45 ዲግሪ ላይ ጭነት ይዞ የሚሄድ መኪና መጀመሪያ የሚከዳው በራዲያተሩ ነው። የዚህ ሁሉ ምርመራ ዋጋ የአንድ ቀን አበልና ምሳ ነበር። መኪናዋ የክላች ሥራ እንደሚያስፈልጋት ነገረን፣ ከዋጋው ላይ አስቀነስን፣ ስሟ ወደ እኔ ዞረ። ኡስታዝ ሲሰናበቱን «ፍሬን ላይ አትጨክኑባት» አሉ። እንደ ልጅ ነው የዳሯት።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳም ሹር ነበር። ለፋሲካ የተገዛው ዶሮ ሳይታረድ ተኩሱ ተጀመረ። የዚያን ጊዜውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። በወድ መደኒ አድርገን ገዳሪፍ ደረስን። ወረቀት አዳነኝ አልላችሁም፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው መኪናዋን ከፈለጋት ሩክሳ አያስጥላትም። ብዙዎች ሕጋዊ መኪናቸውን አስረክበው በእግር ነው የወጡት። እኛን እግዚአብሔር አሳለፈን።

ወረቀቱ የሠራው ገዳሪፍ ላይ ነው። ወደ መተማ ከመሻገራችን በፊት መሸጥ ነበረብን። ካርቱም ያለው መዝገብ ባይሠራም ሩክሳውና ውሉ በስሜ ሆኖ እጄ ላይ ስለነበር ገዢው ጠበቃ ፊት ተዋውሎ ደህና ዋጋ ከፈለኝ። ከእኛ ጋር የወጣው ጎረቤታችን ግን ከእኔዋ የምታምር አክሰንት ነበረችው፤ ሦስት እጅ ያለፈ ተውኪል፤ የመጀመሪያው ባለቤት ጅዳ ነው፣ ስልኩ አይነሣም። በጎማና በመለዋወጫ ዋጋ ሸጦ ተሻገረ። ልጆቹን ያን ዓመት ትምህርት ቤት ያስገባቸው ዘመድ ነው።

የሱዳን ጦር በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ ደግሞ አዲስ ገበያ ተከፍቷል። ገዳሪፍ የሚሠራው የእህቴ ልጅ ደወለልኝ፤ ለማመን የሚያስቸግር ዋጋ ያለው አክሰንት አግኝቷል። «አክስቴ፣ ሰርተፍኬትም አለው፤ ጋራዥ አስመርምሮ ማኅተም አስመትቶበታል» አለኝ። «ማኅተሙ የመካኒኩ ነው የጌታው?» ስለው ዝም አለ። የሻንሲውን ፎቶ እንዲልክልኝ ነገርሁት። የባሕረ ሰላጤው መኪና 17 ፊደልና ቁጥር አለው፤ አሥረኛው ዓመቱን ይነግራል። በላቲኑ ዲ ከሆነ የ2013፣ ኤፍ ከሆነ የ2015 ሞዴል ነው። (ለጃፓን አገር ገበያ የተሠራ ከሆነ ግን ቁጥሩ አጭር ነው፣ ዓመትም የለውም፤ በዚህ አትፍረዱ።) ሻጩ 2015 ያለው መኪና አሥረኛው ላይ ዲ ነው። በዙሪያውም ቀለሙ አዲስ ነው።

በጦርነቱ ስንት ሺህ መኪና ከየግቢው እንደተነዳ ካርቱም የነበረ ሁሉ ያውቃል። ያቺ አክሰንት ጌታ ይኖራታል፤ ምናልባት ካይሮ ወይም ፖርት ሱዳን ሆኖ ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ እየለጠፈ «ያየ ሰው ይንገረኝ» የሚል። መኪናዋ ብትያዝ ደግሞ ሰሌዳውን የለወጠው ሌባ አይገኝም፤ የሚገኘው የገዛው ሐበሻ ነው። ልጁ «እሺ፣ ወደ ኢትዮጵያ ባስገባትስ?» ብሎኝ ነበር። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ የጫነውን ግብር ተወው፣ ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል አልኩት።

አክሰንቷን ተዋት። ለጊዜው በኮንትራት እየሠራ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የስኳር ነጋዴ አሮጌ አቶስ እንደሚሸጥ ሰምቶ ሄዶ አይቷታል፤ ኤሲዋ አይሠራም፣ የኋላ በሯም በገመድ ነው የሚታሰረው ብሎ እየሳቀ ነገረኝ። ሰውየው ራሱ ይቀርባል ወይ አልኩት። ቅዳሜ ሙሩር ቢሮ በር ላይ ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል።