ይሉኝታ የበላው ወንበር

ቪዛ ከልክሎኝ ወይም ፈተና ጥሎኝ ቢሆን ኖሮ ረግሜ ይወጣልኝ ነበር። የኔን ዕድል ግን ማንም አልነጠቀኝም። በሩ ተከፍቶ፣ ተጠርቼ፣ ደጁ ላይ ቆሜ ነው ያሳለፍኩት።

አገር ቤት ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ በሠራሁበት የገጠር ሆስፒታል፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ወደ እኛ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ እሳት ላይ ከወደቁ በኋላ ነበር። ጣቶቿ ተቃጥለው የተጣበቁ አንዲት ልጅ ከዓይኔ አትጠፋም። እናቷ ከጠበል ጠበል ሲያንከራትቷት ኖረው ነው ያመጧት፤ ፌኖባርቢታል የሚባለው ርካሽ ኪኒን ደግሞ መድኃኒት ቤታችን ውስጥ ነበረ። የነርቭ ሐኪም ካልሆንኩ ያልኩት ያኔ ነው።

አሜሪካ ስመጣ ማች የሚባለው የሠልጣኝ ሐኪሞች (የሬዚደንቶች) መመደቢያ ሥርዓት የመደበኝ ለውስጥ ደዌ ሕክምና ነበር። ለውጭ ምሩቅ እሱም ትልቅ ነገር ነውና ተመስገን ብዬ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዓመት ሲጋመስ፣ በዚያው ከተማ ባለ ሌላ ሆስፒታል አንድ የኒውሮሎጂ (የነርቭ ሕክምና) ሬዚደንት አቋርጦ ሄደ፤ ጁላይ 1 የሚጀምር የሁለተኛ ዓመት ቦታ ተከፈተ። እንዲህ ያለውን ክፍተት የሥልጠና ፕሮግራም ዳይሬክተሮች ብዙ ጊዜ ከማች ውጭ፣ ተደዋውለው ነው የሚሞሉት። ኒውሮሎጂ 4 ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት በአመዛኙ የውስጥ ደዌ ስለሆነ ልፋቴ አይባክንም። የያዝኩት ጄ 1 ቪዛም አገር ከገቡ 2 ዓመት ሳይሞላ ዘርፍ መቀየርን አንድ ጊዜ ይፈቅዳል።

እንቅፋት የሚመስለው ገንዘብ ብቻ ነበር። የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ለሥልጠና የሚከፍለው ሬዚደንቱ መጀመሪያ በገባበት ዘርፍ ዓመታት ተሰፍሮ ነው፤ የውስጥ ደዌ 3 ዓመት ስለሆነ፣ በአራተኛው ዓመቴ ከክፍያው አንዱ ክፍል በግማሽ ይቀንሳል። የኒውሮሎጂዋ ዳይሬክተር ይህንን እያወቁ፣ «እሱን ለኛ ተወው፤ አንተ ብቻ የዳይሬክተርህን ደብዳቤ አምጣ» አሉኝ።

ደብዳቤዋ አቃተችኝ። ተቀባዩ ፕሮግራም የምዘና ውጤቴን ከነበርኩበት ማግኘት ግድ ስለሚለው፣ አለቃዬ ሳይሰሙ የሚሆን ነገር አልነበረም። ከዚያ ሁሉ አመልካች መርጠው ያመጡኝን ሰው በዓመቴ ልሂድ ልበላቸው? ውለታ ቢስ አይሉኝም? ተረኝነቱን በማን ላይ ጥዬ? አንድ ቀን ቆርጬ ቢሯቸው ገባሁ። «ምን ልርዳህ?» ሲሉኝ የዓመት ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። ፈቃዱንም ሰጡኝ።

በስንት ምጥ ነገሩን ሳወጣው ቦታው በሌላ ሰው ተሞልቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አለቃዬ ግራ ተጋብተው አዩኝ፤ ለካ እሳቸውም በቀዶ ሕክምና ጀምረው ከአንድ ዓመት በኋላ የቀየሩ ሰው ኖረዋል! ሌላ ቦታ ይከፈታል እያልኩ ስጠብቅ ሁለቱ ዓመት ሞላ፤ ሕጉም የሰጠኝን መልሶ ወሰደ።

ዛሬ በአንዲት ትንሽ ከተማ ተኝተው የሚታከሙ ሕሙማንን አክማለሁ። ደሞዙ አይከፋም፤ ዘመድም «ዶክተርዬ» ይለኛል። ሕመምተኛ ሲያንዘፈዝፈው ግን ማስታገሻውን አዝዤ «ኒውሮሎጂ ይየው» ብዬ እጽፋለሁ። የሚመጣው አንዳንዴ እኔ ሬዚደንት ሳለሁ ገና የሕክምና ተማሪ የነበረ ልጅ ነው። የአንጎል ሞገዱን ንባብ ሲያስረዳኝ ራሴን እየነቀነቅኩ አዳምጠዋለሁ።

ምን ይሉኛል ብዬ የፈራኋቸው ሰዎች ከተበታተኑ ቆዩ፤ ስሜን የሚያስታውስ ቢገኝ ይገርመኛል። እነሱ ቢቀየሙኝ አንድ ሳምንት ነበር። ያንን ፈርቼ የዕድሜ ልክ ቁጭት ሸመትኩ።