አንተ እንባባል?

ፋሲል ግቢ ዙሪያ ያደግን ልጆች ፈረንሳይኛን የጀመርነው ክፍል ውስጥ አይደለም፤ ግንቡ በር ላይ ነው። ቱሪስቱ ከመኪና ሲወርድ «ሳልዩ! ሳ ቫ?» እንላለን፣ እሱም «ሳ ቫ!» ይላል። ጥያቄውም መልሱም ያው! ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ አዝመራው እንዴት ነው እየተባባለ ግማሽ መንገድ ለሚሸኛኝ የወገራ ሰው ይሄ ሰላምታ ሳይሆን ስልክ ጆሮው ላይ እንደመዝጋት ነው።

ስም መንገርም አይከብድም። «ዥ ማፔል» ብሎ ስምን ማስከተል ነው። ቃል በቃል ሲፈታ «ራሴን እንዲህ ብዬ እጠራለሁ» ይሆናል። እኛ «እባላለሁ» ነው የምንለው፤ ጠሪያችን ሌላ ሰው ነው። (ከዚህ ፍልስፍና ማውጣት የፈለገ ያውጣ።) ከዚያ «ኤ ትዋ?» ይመጣል፣ «አንተስ?» እንደማለት። ጣጣው እዚህ ጋ ነው።

እንግሊዝኛ ሁሉንም «ዩ» ብሎ ተገላግሏል። ፈረንሳይኛ ግን እንደኛው «ቱ» እና «ቩ» አለው። «ቱ» ሲባል «አንቱ» እንዳይመስላችሁ፣ ተቃራኒው ነው! «ቱ» አንተም አንቺም ነው፤ አንቱታው «ቩ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1699 ሐኪሙ ፖንሴ አፄ ኢያሱን ሊያክም ጎንደር ሲገባ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ንጉሡን በ«ቱ» እንዳልጀመረ መገመት አያቅትም።

ከ«ቩ» ወደ «ቱ» ለመሻገር ፈረንሳዮች ይጠያየቃሉ፦ «ኦን ስ ቲቷ?» አንተ እንባባል? በኛ አገር ሁለት ሽማግሌዎች አንተ ተባባሉ ከተባለ ጠብ ገብቷል ማለት ነው። በነሱ ወዳጅነት ጀመረ ማለት ነው። ጥሩ ልማድ ነው፣ ወደነዋል። ግን የሚሠራው ከሁለቱም ወገን ሲሆን ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን ፈረንሳዩ ሹም ሽበት ያወጣውን አፍሪካዊ «ቱ» እያለ ለራሱ «ቩ» ይጠብቅ ነበር። ያ ወዳጅነት አልነበረም።

ስለዚህ አስጎብኚ ጓደኞቻችን መለኪያ አላቸው። እንግዳው ሳይጠይቅ «ቱ» ካላቸው፣ ፈገግ ብለው «ኤ ትዋ?» ብለው ይመልሱለታል። ከሳቀ እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ ጨዋታ ነው። ፊቱ ከጠቆረ ግን ወደ «ቩ» ተመልሰው ሥራቸውን ይሠራሉ። ከ2013ቱ ጦርነት ወዲህ ቱሪስቱ ስለሳሳ መለኪያው ብዙ ጊዜ ሥራ ፈቷል።

ሥራ ካጣ ታዲያ እዚሁ ፒያሳ፣ ማኪያቶ የምንጠጣበት ቤት ብንሞክረውስ? ባለ ከረቫቱ እናቱ የምትሆነውን አስተናጋጅ «አንቺ፣ ነይ እስቲ!» ይላታል። እሷ «ምን ልታዘዝ ጌታዬ? ስኳር ልጨምርልዎ?» ትለዋለች። ከኛው ጠረጴዛም «አንቺ!» ሲባል ሰምተናል። አንቺ እንባባል ወይ ብሎ የጠየቃት ግን የለም።